ባዶ መኪና ውሸታም ናት

አጎቴ ያረፉት በጃንሆይ ዘመን ነው። ያ ሁሉ ጊዜ አልፎም፣ እሳቸውን ሳስብ ጆሮዬ ላይ የሚመጣው የጎማ ድምፅ ነው።

ከደብረ ታቦር እስቴ የሚመላለሱባት ባለ ሁለት ዲፈረንሻል ፒክአፕ ነበረቻቸው። መንገዱ ሆዷን እየፈተገ ሲያስመርራቸው ባሌስትራ አስጨምረው ከፍ አደረጓትና ትልልቅ ጎማ አስገጠሙላት። የገጠመው ሰው መሪውን ግራ ቀኝ አዙሮ፣ «ይኸው፣ ጎማው የትም አይነካም» አላቸው።

«ባዶ መኪና ውሸታም ናት» አሉና የቆመውን ሰው ሁሉ ጫኑባት። ልጃቸው መሪውን ሲያዞር እሳቸው ጎንበስ ብለው ከጎማው በላይ ባለው ፓራፋንጎ ሥር አዳመጡ፤ ጎማው ይፍቃል። ከዚያ ወዲያ ሳያዳምጡ ተነሥተው አያውቁም። ጎማው ፓራፋንጎውን ከፋቀ፣ «ሁለት ሰው ይውረድ!» ነው፤ ቄስም ቢሆን ይወርዳል። የሚፋቅ ጎማ የሚፈነዳው ገደል አፍ ላይ ነው ይሉ ነበር።

ደብረ ታቦር ታመው አረፉና አስከሬናቸውን በዚያችው መኪና ወደ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ይዘን ተነሣን። የሚነዳው ልጃቸው ነው። ለቀስተኛው «እኔስ እንዴት እቀራለሁ» እያለ ተጭኖባታል። ያዳመጠ የለም።

ቁልቁለቱ ላይ ስትታጠፍ ጎማው ፋቀ። ልቅሶው ቀጥ አለ። ሁላችንም ወደ ሣጥኑ ዞርን። ልጃቸው መኪናዋን አቆመ፤ ግን ከቦታው የተነቃነቀ ሰው አልነበረም።

እናቴ የወንድሟን ሣጥን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው።

«ወንድምዓለም፣ ይንገሩን እንጂ፤ ማን ይውረድ?»