በቦኖ ውሃ ሰልፍ ላይ ያወጣሁት ቃል

ይህ የሆነው አምና ግንቦት ውስጥ ነው። ዛሬም ጀሪካን ይዤ ወደ ቦኖው ስወርድ እግሬ ይከብደኛል።

የምኖረው ደጀን ነው። እትዬ ዘውዴ የሚባሉ፣ ሸክላ ሠርተው የሚሸጡ ባልቴት ጎረቤቴ ነበሩ። ያን ሰሞን የሁለት ዓመት ልጄን ሲያስመልሰው ሰንብቶ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ውሃም ከጠፋ አራት ቀኑ ነበር። ጠዋት ሰልፉ ላይ ስደርስ ጀሪካናቸው ከእኔ ፊት ተቀምጧል። ተራው የእኔ ነው፣ የእኔ ነው ተባባልን። ሁልጊዜ «እርስዎ» የምላቸውን ሴት፣ «አንቺ ቡዳ፣ ልጄን የበላሽው አንሶሽ ተራዬንም ትቀሚኛለሽ?» አልኳቸው።

 ከኋላዬ የነበረች ሴት ያዘለችውን ልጅ ፊት በነጠላዋ ሸፈነች። እትዬ ዘውዴ ባዶ ጀሪካናቸውን አንስተው ሄዱ።

ልጄ ከጤና ጣቢያ በተሰጠው መድኃኒት በሦስተኛው ቀን ዳነ። ወሬው ግን አገር አዳረሰ። ገበያ ላይ የእሳቸውን ሸክላ የሚነካ ጠፋ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የቤታቸው ቆርቆሮ ላይ ድንጋይ ሲወርድ ሰምቼ ወጣሁ። የሚወረውሩት ትልልቅ ሰዎች ናቸው። አንደኛው ሲያየኝ፣ «አይዞሽ፣ እኛ አለንልሽ» አለኝ። 

በማግስቱ ከፖሊስ መጥሪያ ደረሰኝ። ጣቢያ ስቀርብ መርማሪው፣ «ስድብ ነው ብለሽ አታቅልይው» አለኝ። «ሰውን በአደባባይ መስደብና ማዋረድ በወንጀል ያስጠይቃል። አመልካቿ ካልተዉልሽ ፍርድ ቤት ትቀርቢያለሽ።»

እትዬ ዘውዴ እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

«መታሰርሽ ለእኔ ምን ይሠራልኛል?» አሉ። «በተናገርሽበት ቦታ፣ እነዚያው ሰዎች ፊት፣ ሐሰት ነው በይ።»

በነጋታው ሰልፉ ፊት ቆሜ፣ «እትዬ ዘውዴን ቡዳ ያልኩት ውሸት ነው» አልኩ። ሰዎቹ ጀሪካናቸውን ወደፊት ገፉ። እሳቸው አቤቱታቸውን ተዉ፤ ድንጋዩ ግን አልቆመም። ሰኔ ላይ ዕቃቸውን ጭነው ከከተማው ወጡ። የት እንደገቡ አላውቅም።

አሁንም ሰፈር ውስጥ ልጅ ትኩሳት ሲይዘው ስማቸው ይነሳል። «ተዉ፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ» እላለሁ። ሴቶቹ እርስ በርስ ይተያዩና፣ «ክሱን ፈርታ እኮ ነው» ይባባላሉ። ከዚያ እጄን ይዘው ያጽናኑኛል። ያ ማጽናናታቸው ከመጥሪያው ይልቅ ያስፈራኛል።