ለእናቴ ሳልጠራላት የቀረችው ፓስተር

እናቴ ከሀገር ቤት አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በመጣች በሁለተኛው ሳምንት ከቤት ጠፋችብኝ። ከሥራ ስመለስ በሩ ተቆልፏል፣ ስልኳ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፣ እሷ የለችም። ደረጃውን እየዘለልኩ ወርጄ፣ መንገዱን ግራ ቀኝ ሳላይ ተሻግሬ፣ አፌ ላይ የመጣውን ስለት ሁሉ እየተሳልኩ ስሮጥ፣ ከአፓርትመንታችን ፊት ለፊት ባለው የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጥቁር ሸራ ጫማዋን አየሁት። ተስተካክሎ ተቀምጧል። አጠገቡ ደግሞ ሌላ ቡናማ የሴት ጫማ አለ።

ገባሁ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ከጎኗ ሽበቷን አጭር የተቆረጠች ፈረንጅ በካልሲ ቁጭ ብላለች። የቤተ ክርስቲያኑ ፓስተር ነበረች። "እናትሽ ጫማዋን ስታወልቅ አይቼ እኔም አወለቅሁ" አለችኝ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። እኔ ግን ንዴቴን እናቴ ላይ ተወጣሁት። "እማዬ፣ ይሄ እኮ የኛ አይደለም!"

"በሩ ክፍት ነው፣ የእግዚአብሔር ስም ይጠራበታል። የኛ ድረስ ማን በመኪና ይወስደኛል? አንቺ?" አለችኝ።

እሁድ ከሰዓት ዊተን ባለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ሥራ እገባለሁ። የኛ ቤተ ክርስቲያን ሩቅ ነው፣ ቅዳሴውም ረጅም ነው። ይሄኛው አንድ ሰዓት ብቻ፣ ያውም መንገድ ማዶ። እንዲህ ብለን ጀመርን። ለትልልቅ በዓላት የኛ ጋ እወስዳታለሁ፤ ሌላውን እሁድ እዚያ እንውላለን። እነሱ ሲቆርቡ እናቴ ከወንበሯ ንቅንቅ አትልም። "ቁርባኔ ከቤቴ ነው፤ ጸሎት ግን ከየትም ይሰማል" ትላለች። የሀገር ሰው "ጴንጤ ሆኑ" ብሎ ሲያማን ሰምታ የሳቀችው ሳቅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

እዚያ ቤት አንድ ልማድ አለ። ከስብከት በኋላ ፓስተሯ ወደ ሕዝቡ ወርዳ "ደስታችሁን፣ ጭንቀታችሁን ንገሩን" ትላለች። ማይክ በየወንበሩ ይዞራል። አንዱ ይነሳና "ማክሰኞ ጉልበቴን ኦፕሬሽን እደረጋለሁ" ይላል። አንዷ "ልጄ መጠጥ ካቆመ ሦስት ወሩ" ትላለች። አንድ ሽማግሌ ድመታቸው ሞታ አለቀሱ። ሕዝቡ በሙሉ "ጌታ ሆይ፣ ጸሎታችንን ስማ" ብሎ ይመልሳል። የመጀመሪያ ቀን እኔ አፈርኩላቸው። ጉድ እኮ ነው! የልጅን መጠጥ በማይክ! እኛ ቤት ሰው ካንሰር ይዞት እንኳ ለጎረቤት "ትንሽ ብርድ መታው" ነው የሚባለው።

እናቴ ግን ወደደችው። አንድ ሰው በተነሳ ቁጥር በክርኗ ትጎስመኛለች። "ምን አለ?" ስነግራት ትይዘዋለች። ስማቸውን ስለማታውቅ በልብሳቸው ነበር የምትጸልይላቸው፤ "የባለ ቀይ ሹራቡን ጉልበት፣ የዚያችን ባለ አበባ ቀሚስ ልጅ..."

አንድ እሁድ ራሷ እጇን አነሳች። ማይኩን ተቀብላ በአማርኛ፣ "ልጄ ብቻዋን ናት። ስትሠራ ውላ ስትገባ አይዞሽ የሚላት የለም። እኔም አሮጊት ነኝ። ጸልዩላት" አለች። ሕዝቡ እንድተረጉም ወደ እኔ ዞረ። "እናቴ ለሁሉም ነገር አመሰግናለሁ ትላለች" አልኩ። ሰው አጨበጨበ።

"አሜን በማለት ፈንታ ምን ያስጨበጭባቸዋል?" አለችኝ።

"ልማዳቸው ነው" አልኳት።

ሐሙስ የዕረፍት ቀኔ ነበር። ሐሙስ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ለችግረኛ የሚታደል እህል ይታሸጋል። ትልልቅ ጆንያ ይመጣል፣ በትንንሽ ከረጢት ይከፋፈላል። እናቴ ምስሩን ስታይ ተቆጣች። "ሳይለቀም ነው የምትሰጡት? የድሃ ጥርስ ጥርስ አይደለም?" ሰፌድ ስለሌለ ኩኪስ መጋገሪያ ትሪ ላይ ዘርግታ ትለቅም ጀመር። የአሜሪካን ምስር ነው፤ ምን ድንጋይ አለበት! "እማዬ፣ በማሽን ተለቅሟል" እላለሁ። "ማሽን ዓይን አለው?" ትላለች። ፓስተሯ አንድ ቀን ወንበር ስባ ከጎኗ ተቀመጠች፣ እሷም ጣቷን ምስሩ ውስጥ ከተተች። በወሩ ስድስት ሰባት ፈረንጅ ትሪ ይዞ ምስር ይለቅማል። ማንም ምንም አላገኘም። ግን ሁለቱ ሴቶች በማይግባቡበት ቋንቋ ያወራሉ፣ ይስቃሉ። መሐላቸው ገብቼ ልተረጉም ስል እናቴ "ተይን፣ ገብቶናል" ትለኝ ነበር። ቀናሁ ብል ውሸት አይሆንም።

ከዚያ መርዶ መጣ። የሜቶዲስት ፓስተር አንድ ቦታ አይከርምም፤ ተመደብ ሲሉት ሻንጣውን ይሸክፋል። ፓስተሯ በበጋ ከወንዝ ማዶ ወዳለችው አሌክሳንድሪያ ልትዛወር ነው ተባለ። እናቴ ሰምታ "ሽማግሌ ይላክ" አለች።

"እማዬ፣ አሜሪካ ነው ያለሽው!"

"አሜሪካ ሰው የለም?"

ከሕንፃችን ሐሙስ ሐሙስ ካርቶን የሚያነሱልን ሁለት የሀገራችን አዛውንቶች ነበሩ፤ አንዱ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ አንዱ የድሮ ታክሲ ነጂ። ሁለቱም ከረባት አሰሩ። እናቴ አዲስ ነጠላ አውጥታ ለበሰች። እኔ አስተርጓሚ ሆኜ፣ የአካባቢውን ቤተ ክርስቲያኖች የሚቆጣጠረው ኃላፊ ቢሮ ገባን። ሰውየው "ተቀመጡ" አለ። ማን ይቀመጣል? ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት ይቀመጣል እንዴ? ሰውየው ወንበሩ ያልተመቻቸው መስሎት ከሌላ ክፍል ባለ ትራስ አስመጣ። አሁንም ቆመዋል። እሱም ግራ ገብቶት ተነስቶ ቆመ።

አስተማሪው ከአዳም ጀምረው፣ እረኛ ከመንጋው እንደማይነጠል አስረድተው፣ "በእግዚአብሔር ይሁንብዎ፣ እሷን ይተዉልን" ብለው ጨረሱ። ተረጎምኩ። ሰውየው ቀስ ብሎ፣ "እሷው ናት የጠየቀችው። አሌክሳንድሪያ ያሉት አባቷ አርጅተዋል፣ ታመዋል፣ ከእሷ ሌላ የላቸውም" አለ።

ይህን ስተረጉም እናቴ እጥፍ ብላ ባለ ትራሱ ወንበር ላይ ተቀመጠች። "አባቷን ልትጦር? ታዲያ እኛ ምን ልንለምን መጣን! ትሂድ፣ መንገዷን ያቅናላት" አለችና ውሃ ስጡኝ አለች። ሽማግሌዎቹም ተቀመጡ። እኔ ብቻ ቆሜ ቀረሁ። ደሜ ፈልቷል። እሷው ጠይቃ! ከእናቴ ጋር ስትስቅ ከርማ፣ ለእኛ ሳትነግረን!

በመጨረሻው ሐሙስ ፓስተሯ ለብቻዬ ጠራችኝ። "ሥርዓታችን ነው፤ ስሄድ ቦታውን ለአዲሱ ፓስተር እለቃለሁ። እሱ ካልጠራኝ በስተቀር እዚህ ያለ ሰው ቤት እንደ ፓስተር አልመጣም። እናትሽ ከፈለገችኝ ግን ለእሱ ንገሪው። የዚያኑ ቀን እመጣለሁ" አለችኝ። እኔ ከዚህ ሁሉ ይዤ የሄድኩት "አልመጣም" የሚለውን ነው። ስልኳን በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ፣ መኪና ውስጥ ጣልኩት።

አዲሱ ፓስተር ረጋ ያለ ሰው ነበር። እኔ አኩርፌ ውስጥ መግባት ትቻለሁ፤ እናቴን መንገዱን አሻግሬ በር ላይ እተዋታለሁ፣ ሲያልቅ እወስዳታለሁ። በየሳምንቱ ደረጃው ላይ ቆሞ "እናትሽ እንዴት ናት?" ይለኛል። ቁልፌን እያሽከረከርኩ፣ "ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን" እለዋለሁ።

ክረምት ሲገባ እናቴ ደከመች። ልቧ ነው አሉ ሐኪሞቹ። ደረጃ መውረድ አቃታት፣ ከዚያ ከአልጋ መውረድ። አንድ ቀን ትራሷን ሳስተካክል፣ "ያቺን ልጅ ጥሪልኝ" አለችኝ። ያቺ ልጅ የምትላት ፓስተሯን ነው፤ የስልሳ ዓመት ሴት ናት። "አጠገቤ ትቀመጥ። ምንም አታድርግ፣ ብቻ ትቀመጥ።"

"እነግራታለሁ፣ ትመጣለች" አልኳት።

በዚያው ሳምንት አዲሱ ፓስተር ፓርኪንግ ላይ አገኘኝ። "እናትሽን ካየኋት ቆየሁ። ደህና ናት?" አለ። የሆስፒታሉ ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። "ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ብርዱን ፈርታ ነው" አልኩት። ለምን እንዳልኩት ስንት ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ኩራት ነው። ልማድም ነው። ሰው ደጅ ላይ እናቴ ልትሞት ነው አይባልማ! ደግሞም ሴትየዋ ራሷ አስባ መምጣት ነበረባት አልኩ፤ መለመን አለብኝ እንዴ?

እናቴ ሐሙስ ሐሙስ ፀጉሬን አበጥሪልኝ ትለኝ ነበር። ዛሬ ትመጣ ይሆናል ብላ። አበጥራታለሁ፣ ሻሿን አስርላታለሁ፣ በሩን እያየች ትተኛለች። "አባቷ ብሶባቸው ይሆናል፤ አትፍረጂባት" ትለኛለች፣ ሳልጠራት!

ሞተች። የኛ ካህናት ፍትሐቷን አደረሱ፣ በሥርዓቷ ተቀበረች። ለቅሶ ቤቱ ሞላ፤ ከሩቅ፣ ከሴቨን ኮርነርስም፣ ከሄርንደንም ሰው መጣ። እኔ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ቀና እላለሁ። ፓስተሯ አልመጣችም። ለሠርግ ነው ካርድ የሚበተነው፤ ለቅሶ ማን ይጠራል? ሰምቶ ነው የሚመጣው። መንገድ ማዶ ላለው ቤተ ክርስቲያን ትንፍሽ ሳልል አልመጡም ብዬ ቂም ያዝኩ። በወሩ የአፓርትመንቱ ኪራይ ውል አለቀ፣ ሥራ ያገኘሁት አሌክሳንድሪያ ነበርና ወደዚያው ገባሁ።

የፓስተሯ አዲሱ ቤተ ክርስቲያን ሥራ መሄጃዬ ላይ ሆነብኝ። ደጁ ላይ ባለው ሰሌዳ ስሟ ተጽፏል። አንድ ዓመት ከምናምን ፊቴን እያዞርኩ አለፍኩ። ግን እውነቱን ልናገር፤ ናፍቆት ነበር የሚያዞረኝ። ያ ምድር ቤት ይናፍቀኛል፤ የረጠበ ካርቶን ሽታው፣ ምስሩ ትሪው ላይ ሲፈስ የሚያሰማው ድምፅ፣ እናቴ "ተይን፣ ገብቶናል" ስትለኝ። ሱፐርማርኬት ውስጥ ምስር ያለበት መደርደሪያ ጋ ስደርስ ጋሪዬን አቁሜ የምቆይበት ቀን አለ። በዚህች ምድር ላይ እናቴን እንዲያ ስትስቅ ያያት፣ ከእኔ ሌላ፣ አንድ ሰው ነው። እሷን ደግሞ አኩርፌያታለሁ።

ባለፈው ጸደይ አንድ እሁድ ገባሁ። ልክ ልኳን ልነግራት። መኪና ውስጥ በእንግሊዝኛ ተለማምጃለሁ፤ እናቴ ስትጠብቅሽ ሞተች፣ ምን ዓይነት ሰው ነሽ፣ ሁሉንም። ጸሎቱ አልቆ እሷ በር ላይ ቆማ ሰው ስትሰናበት ተራዬን ጠበቅሁ። ከስታለች። ስታየኝ ጮኸች፣ ሁለት እጄን ያዘች።

"እናትሽስ? እንዴት ናት?"

"ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አልኳት።

እውነቴን ነው፣ አፌ ነው ያለው። ዓይኗን ጨፍና "ተመስገን" አለች። "ያኛውን ፓስተር በደወልኩ ቁጥር እጠይቀው ነበር። ደህና ናት ብላኛለች ይለኛል። በኋላ ለቃችሁ መሄዳችሁን ነገረኝ። ባለፈው መስከረም አባቴን ቀበርኩ። የዚያን ቀን እናትሽን ፈለግኋት፤ አጠገቤ እንድትቀመጥ" አለችኝ።

እኔም አልሰማሁም ነበር። በየቀኑ በደጇ እያለፍኩ አልሰማሁም። ለካ ካልነገሩት ሰው አያውቅም! ከኋላዬ ያሉት ሰዎች ገፉኝ፣ ወጣሁ፣ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ቁልፉን ይዤ ቁጭ አልኩ። ፓርኪንጉ ባዶ እስኪሆን አለቀስኩ።

ተመልሼ ገባሁ። በየወንበሩ የቀረውን ወረቀት እየሰበሰበች ነበር። "ዋሽቼሻለሁ" አልኳት። "እናቴ ሞታለች። ሁለተኛ ዓመቷ ነው።"

ወረቀቱን አስቀመጠች፣ ተቀመጠች። ለምን ዋሸሽ አላለችኝም። "ጠርታኝ ነበር?" አለች።

አይ፣ በእንቅልፏ ነው የሄደችው፣ ማንንም አልጠራችም ብል ሁለታችንም ይቀለን ነበር። ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር።

"አዎ" አልኳት። "ሳልጠራሽ፣ ትመጣለች፣ መንገድ ላይ ናት እያልኩ ነው የሸኘኋት።"