ደፍ ላይ የተቀመጠው ጣሳ

ረቡዕ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ከታች ፎቅ የምትኖረው ጎረቤቴ ፋጡማ በሬን አንኳኳች፤ ስከፍት አንድ ጣሳ ደፉ ላይ አስቀምጣ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ብላ ቆማለች።

«ጣሳውን አይመልሱልኝ፣ ጋሼ» አለችና ደረጃውን ወረደች።

ውስጡ የተቀቀለ አጥንት ነበር። ፍልሰታ ስለሆነ ለእኔ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ባለፈው ሳምንት ልጄ ዝናብ ሲመታት አግኝታ ላመጣቻት ውሻ ነው። የፋጡማ እናት እትዬ ዘይነባም ጣሳ የሚያስቀምጡት እንደዚሁ ነበር።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ገና ጀማሪ ጋዜጠኛ ነበርኩ፤ የምኖረው ከእናቴ ጋር፣ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ። ግቢውን የምንጋራው ከወሎ ከመጡት ከእትዬ ዘይነባ ጋር ነው፤ በራቸው ከበራችን ፊት ለፊት፣ በአምስት እርምጃ ርቀት። ስለ ጎርፍ ዜና ልሠራ ራስ መኮንን ድልድይ ስር ወረድኩና የጎድን አጥንቷ የሚቆጠር ውሻ አገኘሁ። ተሸክሜያት ስወጣ ጭቃው አዳለጠኝ፤ ቁርጭምጭሚቴ ዞረ። ዜናውን አደረስኩ። ወጌሻው ግን ለአንድ ሳምንት ከቤት እንዳልወጣ አዘዘኝ።

እናቴ ሁለታችንንም በየተራ አየችን። ውሻ ሌሊት ሲያላዝን ከቤቱ ሰው ይሞታል ብላ የምታምን ሴት ናት።

«አንድ ሌሊት ስታላዝን ከሰማኋት፣ ሲነጋ ያመጣህበት ድልድይ ስር ትመልሳታለህ።»

የተራበ ውሻ ደግሞ ማላዘኑ አይቀርም። ቤታችን የነበረው ሽሮና የተልባ ፍትፍት ነው። ውሻዋ ሁለቱንም አሸተተችና ፊቷን አዞረች።

«ትንሽ አጥንት ብፈልግላትስ?» አልኩ።

«በፍልሰታ ስጋ ደፌን አያልፍም!»

በዚያ ግቢ የማይሰማ ነገር የለም። በማግስቱ ጠዋት እትዬ ዘይነባ ባዶ የወተት ጣሳ ከደፋችን ውጭ አስቀመጡና፣ ቀሚሳቸውን በአንድ እጃቸው ሰብስበው፣ አጥንት ያለበት መረቅ ከላይ ወደ ታች አንቆረቆሩበት።

«እኔ ውሻ አልነካም፤ ልብሴን ከነካችኝ ሰባቴ ማጠብ ነው። እናትህ ስጋ አትነካም። አጥንቱ ግን ምን አጠፋ?»

«ጣሳውን አጥቤ ልመልስልዎት?»

«ወላሂ እንዳትመልስልኝ!»

ውሻዋ እየተጎተተች መጣች። ሆዷን ቤት ውስጥ እንዳደረገች አፏን ከደፉ አሻግራ ትልስ ጀመር። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ ቆመች። በሥርዓት አትደራደርም፤ ዓይኗ ያየውን ግን አትክድም።

«ደፌን አላለፈም» አለችና ተመለሰች።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ይውላል። እኔ እግሬን በርጩማ ላይ ሰቅዬ አነባለሁ፤ ውሻዋ ደፉን ተንተርሳ ታንኮራፋለች። ነፋስ ሲነሳ ከአትክልት ተራ የጎመን ሽታ ይመጣል። ሥራዬ ጩኸት ወዳለበት የሚያስሮጥ ስለነበር፣ እንዲህ ያለ ጸጥታ መኖሩን ረስቼው ነበር። በየማለዳው ማስታወሻ ደብተሬ ላይ አንድ ቃል እጽፋለሁ፦ «አላላዘነችም»።

ዓርብ እትዬ ዘይነባ ለቅሶ ሄደው ዋሉ። ጣሳው ከጠዋት ጀምሮ ደርቋል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ውሻዋ ባዶውን ጣሳ በአፍንጫዋ እየገፋች ታቃስት ጀመር። እናቴ እህል እየለቀመች ነበር፤ ሰፌዱን አስቀምጣ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች። ውሻዋን የሚወስድ ሰው ልትጠራ ነው ብዬ እየተንገዳገድኩ ተከተልኳት። ዝናቡ ውስጥ፣ የግቢው በር ላይ ቆማ መንገዱን እያየች አገኘኋት።

«አንቺ ዘይነባ! ምነው ቀረሽ? ልጅቷ ልታላዝን ነው እኮ!»

እትዬ ዘይነባ ዳገቱን እያለከለኩ ይወጣሉ። «መጣሁ፣ አስካለ! ምነው፣ የጾምሽው አንቺ፣ የራበው እሷን!»

ሁለቱም ዝናቡ ውስጥ ቆመው ሳቁ።

እሑድ ወጌሻው ፋሻውን ፈታልኝ። ውሻዋም በአራት እግሯ ቆማ ግቢውን ዞረች። እናቴ ውሻዋን አጥንት በአፏ እንደያዘች ስታያት «ጾመኛ» የሚል ስም አወጣችላት፤ ስለ ድልድዩም ዳግመኛ አላነሳችም። ጾመኛ አሥራ አንድ ዓመት ከእኛ ጋር ኖረች።

ግቢው ዛሬ የለም፤ መንገድ ሆኗል። ሁለቱም እናቶች አርፈዋል። በሥራ ዘመኔ ብዙ ስምምነት ሲፈረም ዘግቤያለሁ። የዚያን ደፍ ስምምነት ማንም አልፈረመውም፤ ሲፈርስ ግን አላየሁም።

አራት ሰዓት ከአሥር ላይ የልጄ ውሻ ሆዷን ምንጣፉ ላይ አድርጋ አፏን ወደ ኮሪደሩ አወጣች። አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ጣሳው ባዶ ነበር።