የጋሽ አሥራት ቀይ አምፖል

የመሥሪያ ቤታችን የኮምፒውተር ባለሙያ ጋሽ አሥራት ባለፈው ሳምንት ማረፋቸውን የሰማችሁ ሁሉ፣ ስለ እሳቸው መጠየቅ ያለባችሁ እኔን ነው። ከቦንጋ እስከ ሺሺንዳ እያንዳንዷን ደቂቃቸውን እንደ እኔ የሚያውቅ አልነበረም። ታመው በተኙባቸው ሦስት ቀናት ግን «ሥራ ላይ ናቸው» እያልኩ እምል ነበር።

ጋሽ አሥራት በኮምፒውተራቸው ጥቁር የትእዛዝ መጻፊያ መስኮት የምትሠራ የሰዓት ቆጣሪ ፕሮግራም ነበረቻቸው፤ ሃያ አምስት ደቂቃ ሥራ፣ አምስት ደቂቃ እረፍት። ከጎናቸው ባለው ክፍል የምሠራው እኔ በቀን ሺህ ጊዜ በራቸውን ከፍቼ «ጨረሱ?» ስል ታገሡ ታገሡና፣ ፕሮግራሟ ያለችበትን ሁኔታ የጋራ ኮምፒውተራችን ላይ ባለች ፋይል እንድትጽፍ አደረጓት። አንድ መስመር ብቻ፦ «ሥራ ላይ» ወይም «እረፍት»። የእኔ ኮምፒውተርና ከበራቸው በላይ ያለው አምፖል ያችን ያነባሉ፤ አምፖሉ ለሥራ ቀይ፣ ለእረፍት አረንጓዴ ይበራል። «እሷ ትጻፍ፤ ሌላው ያንብብ፤ አንተም ጭምር» አሉኝ።

አረንጓዴ ሲበራ ከማንኪራ ገጠር የመጣው ገበሬ ቅጹን፣ መምህሩ የተበላሸ ፍላሹን ይዞ ይገባል። የእሳቸው እረፍት የሰው ጉዳይ መፈጸሚያ ነበረች።

አንድ ቀን፣ «መስመሯ መቼ እንደተጻፈች የሚያጣራ ነገር በአንተ በኩል ጨምር፤ የቆየ ወሬ ከውሸት አይሻልም» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ እጨርሳታለሁ!»

ሻዩ ሦስት ክረምት ቀዘቀዘ።

ባለፈው ሳምንት ሰኞ ኤሌክትሪክ ተቋረጠ። ፕሮግራሟ በሥራ መሐል ጠፋች፤ ፋይሏ ላይ «ሥራ ላይ» እንዳለ ቀረ። ጋሽ አሥራትም አሟቸው፣ እኔ ሳላያቸው ቤታቸው ሄዱ። ኤሌክትሪኩ ሲመለስ አምፖሉ ቀይ በራ።

የመዝገብ ቤቷ እትዬ አስካለ፣ «ጋሼን ካየኋቸው ሰነበትኩ፤ ሄደህ እያቸው እንጂ» ቢሉኝ፣ «ቀዩ አይታይዎትም? ሰውየው እየሠሩ ነው!» ብዬ አላገጥኩባቸው። ይኼ ምላሴ!

በአራተኛው ቀን ቀዩ አልጠፋ ሲል ቤታቸው ብሄድ አልጋ ላይ ሆነው ሳቁብኝ።

«ኮምፒውተርህ ምን አለ?»

«ሥራ ላይ ነዎት ይላል።»

«ተኝቼ መሥራቴ! ጎበዝ ነኝ በለኛ።» ቀጥለውም ቀስ ብለው፣ «ሦስት ቀን በሩን በሩን ሳይ ነበር። ያቺን ማጣሪያ አልጨመርካትም እንዴ?»

«ጨምሬያታለሁ፤ ኔትወርኩ ነው።»

«ኔትወርክማ…» ብለው አመኑኝ። ከዚያ በሁለተኛው ቀን አረፉ።

ጋሽ አሥራት፣ አምፖልዎን ዛሬ በእጄ ነቀልኩት። በሰላም ይሂዱ። ኔትወርኩ ደህና ነበር። ያቺን ማጣሪያ ጭራሽ አልጻፍኳትም፤ ዋሽቼዎት ነው።