አልጋ ከአቮካዶ ሥር፣ ሰንጋ ከቤት ውስጥ

ባለቤቴ ጴጥሮስ ጥሎልኝ የሄደው አንድ የማይገባ ፊልም ነው። ሐሙስ ጠዋት ከሶዶ ወደ ሃላሌ የተነሣሁት ስለ ፊልሙ ለመጠየቅ ነው።

ፊልሙን ከመሞቱ በፊት በነበረው ዓመት፣ በትውልድ ቀዬው በሃላሌ አካባቢ፣ በታላቅ ወንድሙ ግቢ ብቻውን ቀረጸው። ድምፅም ንግግርም የለውም። ከአቮካዶ ዛፍ ሥር አልጋ ተዘርግቷል፤ ላዩ ላይ ሰው ተሸፋፍኖ ተኝቷል። ሰንጋ ቤት ውስጥ ቆሞ ይበላል። አንዲት ሴት ወደ ኋላ እየሄደች ግቢ ትጠርጋለች። በመጨረሻ ካሜራው የቤቱን በር ማየት ይጀምራል፤ ያያል፣ ያያል፣ ማንም አይገባም፣ ማንም አይወጣም። ከዚያ ያልቃል።

ጴጥሮስ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። ማታ ማታ ከየአገሩ እንዲህ ያሉ ፊልሞችን በፍላሽ እያመጣ አብረን እናይ ነበር። እኔ የአማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ ታሪክ መጀመሪያና መጨረሻ እንዲኖረው እወዳለሁ። «ይሄ ምን ማለት ነው?» ስለው፣ «ምን ማለት ነው አትበይ፤ ምን አየሽ?» ይለኛል። የራሱን ፊልም ሲያሳየኝም በሩ ላይ ስንደርስ፣ «ማንን ነው የሚጠብቀው?» አልኩት። ያንኑ መለሰልኝ።

አሁን የትምህርት ክፍሉ ለመታሰቢያው ቅዳሜ ሊያሳየው ነው። ኃላፊው ቤት ድረስ መጥቶ፣ «እርስዎ ትንሽ ማብራሪያ ቢሰጡን ደስ ይለን ነበር። ካልተመቸዎት እኛ አዘጋጅተናል» አለኝ። የተዘጋጀውንም ነገረኝ፤ አልጋው ሕዝብ ነው፣ ሰንጋው ሥልጣን ነው፣ በሩ ያልመጣው ነገ ነው። ወላይታ ውስጥ ሰንጋ ቤት ውስጥ እንደሚቀለብ ከደብረ ማርቆስ የመጣሁት እኔ እንኳ አውቃለሁ። አስብበታለሁ ብዬ ሸኘሁት። ጴጥሮስ በዚያ በር ላይ ለእኔ የተወው ቃል ካለ ግን፣ ሰው በማይክሮፎን ከሚነግረኝ ከቦታው ሄጄ ልስማው ብዬ ወሰንኩ።

መንገድ

ሚኒባሱ ከመናኸሪያ እስኪሞላ ብዙ ጠበቅን። የዳሞታ ተራራ ጭጋግ ለብሶ ከኋላችን ቀረ። አጠገቤ የተቀመጠች የቅቤ ነጋዴ ጥቁር ልብሴን አይታ፣ «ለቅሶ ነው የምትሄጂው?» አለችኝ።

«ለፊልም ነው የምሄደው።»

«ጥቁር ተለብሶ?» አለች። ትንሽ አሰበችና፣ «እንግዲያ የሚያስቅ አይደለም» ብላ ቅቤዋን ከጸሐይ ወደ እኔ ጎን አዞረችው። እስክንወርድ ድረስ ቅቤው በጭኔ ጥላ ተጓዘ።

አስፋልቱ ካለቀ በኋላ ጠጠር፣ ከጠጠሩ በኋላ ቀይ አፈር ነው። ግራና ቀኙ እንሰት፣ በቆሎ፣ በየደጁ የተሰጣ እህል። ጴጥሮስ ይህን መንገድ ሲያወድስልኝ ኖሯል። እኔ ያየሁት አቧራ ነው። ሃላሌ ወርጄ አንድ ሻይ ጠጣሁና የሞተር ብስክሌት ተከራየሁ። አሽከርካሪው እስከ ወንድሙ ግቢ ላለው የኮረብታ መንገድ የገበያ ቀን ዋጋ ጠየቀኝ፤ ሐዘንተኛ መሆኔን ሲያይ ግማሹን ተወልኝ። ያ ደግሞ ከሙሉው ዋጋ ይልቅ ከበደኝ።

አቮካዶው

የጴጥሮስ ወንድም አቶ ዳልኬና ሚስቱ አማረች ደጅ ድረስ ወጥተው ተቀበሉኝ። አቮካዶው በቦታው አለ። ሰንጋው ሌላ ነው፤ የፊልሙ ሰንጋ በመስቀል ታርዷል። አማረች የተቀቀለ ቦይና፣ እኛ ጎደሬ የምንለውን፣ ከዳጣ ጋር አቀረበች። ዳጣው አፍ ያቃጥላል፤ ለሚወርደው እንባ ምክንያት ስለሚሆን ደጋግሜ አጠቀስኩ።

«ያ አልጋ ምንድን ነበር?» አልኩ።

ዳልኬ ሳቀ። «አውጡ አለን፣ አወጣን። ጋቢ ተከናንበህ ተኛ አለኝ፣ ተኛሁ። ለምን ብለው፣ እንዲሁ አለ። ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ይከራከሩታል?»

«የጎረቤቱን ነገር ንገራት እንጂ» አለች አማረች። አማርኛዋ ፈጣን ነው፤ «እሱ»ንና «እሷ»ን እያቀያየረች ትናገራለች።

ጎረቤት ከአጥር ውጭ ሆኖ አልጋ ከዛፍ ሥር፣ ሰው ከነፊቱ ተሸፍኖ ያያል። ሌላ ምን ይላል? ዳልኬ ሞተ ተባለ። ሴቶቹ እየጮሁ፣ ወንዶቹ ዱላቸውን እንደያዙ ግቢውን ሞሉት። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጸሎት ሊጀምሩ እጃቸውን ሲያነሱ ዳልኬ ጋቢውን ገልጦ ተቀመጠ።

«ግማሹ ሮጠች» አለች አማረች።

«ሽማግሌው ግን አልሮጡም» አለ ዳልኬ። «‹ከመጣን አይቀር እንጸልይልህ› አሉ። እስከ ዛሬ ገበያ ላይ ‹አልዓዛር› ነው የሚሉኝ።»

እኔም ሳቅሁ። ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ወደ ኋላ እየሄደች የምትጠርገውም አማረች ነበረች፤ ያን ሁሉ የለቀስተኛ እግር ዱካ ስትጠርግ ኖሯል፤ ወደ ኋላ ሂጂ ያላት ጴጥሮስ ነው፣ ለምን እንደሆነ እሷም አታውቅም።

«በሩስ?»

ሳቁ ቆመ። ዳልኬ ወደ ሚስቱ አየ፣ ሚስቱ ወደ ሳህኑ።

«ንገራት» አለች። «ሞቷል፤ ማንን ትጠብቃለህ?»

«ካሜራውን በሩ ፊት አቆመ» አለ ዳልኬ ቀስ ብሎ። «ከዚያ ሆዱን ይዞ እዚያ፣ እንሰቱ ሥር ወደቀ። ደም አስመለሰው። ካሜራዋ አልጠፋችም፤ ማን ያጠፋታል? እኛ እሱን ይዘን ነበር። ሲሻለው መጀመሪያው እንዳልሆነ ነገረን። ለሚስቴ አትንገሩ ብሎ ቃል አስገባን። ፊልሙን ልጨርስና እታከማለሁ አለ።»

«ሆስፒታሉ ከቤታችን በባጃጅ ቅርብ ነው» አልኩ። ሐኪሙ «ቀደም ብላችሁ ብትመጡ» ያለኝ ቀን ጴጥሮስ ግድግዳውን ያይ ነበር። እኔ የጠላሁት ሐኪሙን ነበር።

«ቃል አስገብቶን ነው» አለ ዳልኬ።

«እናንተ ቃላችሁን ጠበቃችሁ፤ እኔ ባሌን ቀበርኩ» አልኩት። አማረች ሳህኑን አንስታ ገባች፤ ውስጥ ስታለቅስ ተሰማኝ። ላጽናናት አልተነሳሁም።

ስወጣ በአቮካዶው ሥር አለፍኩ። ያን ቀን ለለቅሶ ሮጠው የመጡት ጎረቤቶች ሰው ተሳሳቱ እንጂ ግቢ አልተሳሳቱም።

መልስ

ቆጮና የአቮካዶ ከረጢት አሸክመውኝ ተመለስኩ። በመንገድ ላይ ያናገረኝ የለም። ሶዶ ስደርስ ገና ብርሃን ነበር። ጫማዬን ሳላወልቅ ላፕቶፑን ከፍቼ ፊልሙን በሩ ወዳለበት ወሰድኩት።

ምን ማለት ነው አላልኩም። ምን አየሁ? በር አየሁ። ከበሩ ውስጥ፣ በጨለማው፣ የሰንጋውን ራስ አየሁ፤ ይበላል። ድንገት መብላቱን ይተዋል። ራሱን ቀና አድርጎ ካሜራውን አልፎ ወደ ግራ፣ እንሰቱ ወዳለበት ያያል። ጆሮዎቹ ወደ ፊት ናቸው። እስከ መጨረሻው ከዚያ ዓይኑን አያነሳም። ኃላፊው ይህን «የሥልጣን ዓይን» ብሎታል። እኔም ብዙ ጊዜ አይቼው እርጎ ስጠጣ፣ ደብተር ሳርም አልፌዋለሁ። ጴጥሮስ ሊቆርጠው ይችል ነበር። አልቆረጠውም። አጠገቤ ተቀምጦ አሳየኝ፣ ምን አየሽ ብሎም ጠየቀኝ። በአፉ መናገር ግን አልፈለገም። ይህን ይቅር ማለት ገና አልቻልኩም፤ እንደምችልም አላውቅም።

ለኃላፊው ደወልኩለት።

«ማብራሪያውን እኔ እሰጣለሁ» አልኩት።

«በጣም ጥሩ። ርዕሱን ምን ብለን እንያዘው?»

«ርዕስ የለውም። ፊልሙ በሩ ላይ ሲደርስ አስቆመዋለሁ፤ ሰንጋው ወዴት እንደሚያይ አሳያቸዋለሁ። እዚያ ማን ወድቆ እንደነበር እነግራቸዋለሁ።»

«የእኛ ትንታኔስ?»

«ከዚያ በኋላ ማንበብ ከቻላችሁ አንብቡት» አልኩና ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ጫማዬን አውልቄ የሃላሌን ቀይ አፈር ደጅ ላይ አራገፍኩ።