ለግድግዳ የተነሣች እጅ

ልጄ ዮሴፍ የአዲሱን ቤት ፕላን ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋው ወረቀቱ እንደ ብራና እየተጠቀለለ አስቸገረው። አራቱን ማዕዘን በአራት ብርጭቆ ተጭኖ ካደላደለው በኋላ በጣቱ ይመራኝ ጀመር። «ይህ ሳሎን ነው፤ ይህ መመገቢያ፤ ይህ ኩሽና። በመካከላቸው ምንም የለም» አለኝ። ከዚያም ጣቱ በረጅም መተላለፊያ ሄዶ ከቤቱ መጨረሻ፥ ከኋላ አጥር ሥር፥ በወፍራም መስመር በተከበበች አንዲት ትንሽ አራት ማዕዘን ላይ ቆመ። «ይህች ደግሞ የእርስዎ የጸሎት ክፍል ናት፥ አባዬ። ግድግዳዋ ባለ ሃያ ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ነው። ማንም አይረብሽዎትም።»

ቤቱ የሚሠራው እዚሁ ነቀምቴ፥ በበከኒሳ ቀሴ ሰፈር፥ አሁን ከምንኖርበት አሮጌ ቤት ጎን ባለው ባዶ ቦታ ላይ ነው። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ የምኖረው ከዮሴፍ፥ ከሚስቱ ከለሊሴና ከልጆቻቸው ጋር ነው። ለሊሴ አስተማሪ ናት። እርሷ በወንጌላውያን ቤት ያደገች፥ እኔ በቤተ ክርስቲያን ጥላ ያረጀሁ ብንሆንም፥ በዚህ ምክንያት በመካከላችን አንድም ቀን ክፉ ቃል አልወጣም። የዚያን ዕለት ጠቡ የኩሽና ነበር።

«እንግዳ በመጣ ቁጥር ሽንኩርት ስከትፍ እንባዬን ሊቆጥር ነው?» አለች ለሊሴ። «እኔ ለኩሽናዬ በር እፈልጋለሁ።»

«አሁን ሰው ሁሉ የሚሠራው ክፍት አድርጎ ነው። ብርሃን ይገባል፤ ልጆቹንም እያየሽ ትሠሪያለሽ።»

«እንግዲያው መጀመሪያ አንተ የፋሲካውን ዶሮ እንግዳ ፊት ገነጣጥል። ሰውም ይይህ፥ ብርሃንም ይግባህ። ከዚያ እኔ እከተላለሁ።»

ዮሴፍ ወደ እኔ ዞረ። «አባዬ፥ እርስዎ ይፍረዱን።» እርሷም በዚህ ተስማማች። የማይጣሉበት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም የእኔ ክፍል። ለዚህም ጥፋተኛው እኔው ነኝ። ጸሎት ላይ ስሆን ማንም እንዳይጠራኝ ዕድሜ ልኬን ሥርዓት ያስያዝኋቸው እኔ ነኝና፥ ደስ ይለዋል ብለው ያሰቡልኝን በምን አፌ እነቅፋለሁ? ያቺን ትንሽ አራት ማዕዘን ባየሁ ጊዜ ግን ከስድሳ ዓመት በፊት የተቦካ የእርጥብ ጭቃና የጭድ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። «ነገ እነግራችኋለሁ» ብዬ ተነሣሁ።

ልጅ እያለሁ ቤታችን አንድ ክፍል ነበረች። አልጋው፥ ምድጃው፥ የእህሉ ጎታና ጥጃችን ሳይቀሩ በአንድ ጣሪያ ሥር ይተያዩ ነበር። አባቴ ከጎጃም መጥቶ በነቀምቴ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል፥ ልጆችንም ንባብ የሚያስተምር ሰው ነበር። እናቴ እዚሁ ነቀምቴ ዙሪያ የጉቶ ጊዳ ልጅ ስትሆን፥ አማርኛን የተማረችው አባቴን ካገባች በኋላ ነው። እንደኔ ዘመን ሰዎች ሁሉ፥ ያደግሁት እርስ በርሱ በሚሰማማና በሚተያይ ቤት ውስጥ ነው።

አባቴ ማለዳ ማለዳ በምሥራቁ ማዕዘን ቆሞ ይጸልያል። ጸሎት የጀመረ ሰው እስኪፈጽም ድረስ ከሰው ጋር አይነጋገርም፤ ነገር ግን ዐይንና እጅ አለው። እናቴ «ጨው አልቋል» ስትለው ራሱን ይነቀንቃል። «ሰው ይፈልግሃል» ስትለው መዳፉን ከፍ ያደርጋል፤ «ይቆይ፥ ልፈጽም ነው» ማለት ነው። አንድ ቀን ጥጃዋ መጽሐፉን ልትልስ ብትቀርብ፥ ቃል ሳይወጣው በግልምጫ ብቻ ከበር አውጥቷታል እያለች እናቴ ለጎረቤት ታስቅበት ነበር። እኔም ንባብ ስጀምር ከፊደሉ ጋር ይህን የእጅ ቋንቋ ተማርሁ። ስትጠራኝ መዳፌን አነሣለሁ፤ አይታኝ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ንባቤ ከእኩዮቼ ወደ ኋላ ቀረ። በደጅ የጨርቅ ኳስ የሚያንከባልሉ ልጆች ጫጫታ ይጠራኛል፤ በውስጥ የሴቶቹ ጨዋታ ጆሮዬን ይዞ ይሄዳል። አባቴ «ይህ ቤት ነው ወይስ ገበያ?» ብሎ በመካከል ግድግዳ ሊያቆም ቆረጠ። እናቴ አልወደደችውም።

«ልጄን ካላየሁት ምን እንደሆነ በምን አውቃለሁ?» አለችው።

«ድምፁን ትሰሚያለሽ። ድምፁ ካለ ልጁ አለ» አላት።

ግድግዳው የቆመው በግንቦት፥ ክረምቱ ሳይገባ ነው። አባቴ የባሕር ዛፍ አጣናውን ማገረ፤ ጭቃውን ከጭድ ጋር የረገጥሁት እኔ ነበርሁ። እስከ ጉልበቴ ገብቼ እየዘለልሁ፥ እየሳቅሁ አቦካሁት። መታሰሪያዬን በገዛ እግሬ እንደማቦካ አላወቅሁም። ሥራው ሲያልቅ ከወዲያ በኩል የእህሉን ጎታ የያዘች ጠባብ ክፍል ወጣች። ብርሃኗ ከጣሪያው ሥር የተተወች፥ ሁለት ጭብጥ የምታህል ቀዳዳ ብቻ ናት፤ እርሷም የምታየው ወደ ጎረቤታችን ወደ አዴ በሻቱ ማድ ቤት ነው። ለበሩ የእንጨት መቀርቀሪያ ተደረገለት፤ ከውጭ።

ከዚያ ወዲያ ማለዳዬ አንድ ዓይነት ሆነ። ወደ ውስጥ እገባለሁ፤ እናቴ አባቴ ሳያይ በኪሴ ቆሎ ትጨምርና መቀርቀሪያውን ትወረውራለች። የእንጨቱን ድምፅ ዛሬም እሰማዋለሁ። ጭቃው በደንብ ሳይደርቅ ዝናቡ ስለ ገባ ክፍሏ የጉድጓድ ሽታ ነበራት። ድምፄ ከግድግዳው ተጋጭቶ ወደ ራሴ ይመለሳል። ከልጆቹ የኳስ ጫጫታ እንዲበልጥ ብዬ ንባቡን ከፍ አድርጌ አዜመው ነበር። አዴ በሻቱ በአጥሩ ላይ ሆና እናቴን «የእናንተ እግዚአብሔር አይሰለቸውም? ይህ ልጅ በየቀኑ አንዱኑ ነገር እኮ ነው የሚነግረው» ትላት ነበር።

ፍልሰታ ሲገባ አባቴ ለሱባኤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሄደ። ሲሄድ ትእዛዙ ሁለት ነበር። ንባቡን ሳልፈጽም በሩ እንዳይከፈት፥ በመካከልም አፌን ለሌላ ነገር እንዳልከፍት።

በአንዱ ማለዳ የወለጋ ዝናብ እንደሚያውቅበት ወረደ። ቆርቆሮው ጆሮ ያደነቁር ነበር። በዚያ መካከል እንስራ ሲሰበር ሰማሁ። ቀጥሎ እናቴ «ተክሌ» ብላ ጠራችኝ። ንባቤ መካከል ላይ ነበርሁ። እንደ ልማዴ መዳፌን አነሣሁ።

ደግማ ጠራችኝ። እኔም ያላየችኝ ስለ መሰለኝ እጄን ከፊተኛው ከፍ አደረግሁት፤ ከንፈሬም ንባቡን አላቋረጠም። ቀጥላ የጠራችኝ ግን በአማርኛ አልነበረም። «ኮቱ፥ ኢልማ ኮ» አለች። «ና፥ ልጄ» ማለቷ ነው። እናቴ ከእኔ ጋር ወደ ራሷ ቋንቋ የምትሄደው የባሰ ነገር ሲመጣባት ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ንባቤን አቁሜ እጄን አየኋት። ለግድግዳው ተነሥታ ነበር።

በሩን ገፋሁት። አልተነቃነቀም።

«እማዬ፥ በሩ ተዘግቷል» አልኋት።

«አውቃለሁ፥ ልጄ። እኔው ነኝ የዘጋሁት» አለች። «እግሬን መንቀሳቀስ አቃተኝ። ለበሻቱ ንገራት።»

በመካከላችን ያለው ግድግዳ ውፍረቱ ስንዝር አይሞላም። እስትንፋሷን እሰማለሁ፤ መድረስ ግን አልችልም። እርሷም ወዲያ፥ እኔም ወዲህ፥ አንዲት እንጨት ለሁለት አስራናለች። ጎታው ላይ ወጥቼ አፌን በቀዳዳዋ አድርጌ ጮኽሁ፤ ዝናቡ ጩኸቴን ዋጠው። ዝናብን የሚሻገር ድምፅ የተማርሁት በአንድ ነገር ብቻ እንደሆነ ትዝ አለኝ። በንባቡ ዜማ ጀመርሁ። «ኮታ አዴ፥ ሃቲ ኮ ኩፍቴ» እያልሁ፥ አንሥቼ ጥዬ አዜምሁት። ይምጡ፥ እናቴ ወድቃለች ማለት ነው። በመጀመሪያ ከወዲያ ምንም አልተሰማም፤ ለካ የዘወትሩ ንባብ መስሏት ኖሯል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የማድ ቤቷ በር ተከፈተ፤ አዴ በሻቱ ጆንያ በራሷ ላይ ደፍታ አጥሩን ጥሳ መጣች።

መቀርቀሪያው ሲሳብና ብቅ ስል፥ እናቴ በበሩ ሥር በገባው ጎርፍ መካከል በጎኗ ወድቃ ነበር። የእንስራው ገል ዙሪያዋን ከቧታል። አዴ በሻቱ ጭንቅላቷን በጭኗ ላይ አድርጋ «ጸሎታችሁ ዛሬ ኦሮምኛ ሲናገር ብሰማ ሮጥሁ» አለች። እናቴ በዚያ ሕመም ውስጥ ሆና ሳቀች። ከዚያ ዐይኗን ወደ እኔ አነሣች። ለምን አልመለስህልኝም ብላ የምትጠይቀኝ መስሎኝ ቆምሁ። አልጠየቀችኝም።

ወጌሻ መጥቶ አሻት፤ ዳሌዋ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም። እስክታርፍ ድረስ አነከሰች። አባቴ ጾሙ ተፈትቶ ሲመለስ «ልጅህ ነው ያዳነኝ» አለችው። እርሱም ግንባሬን ሳመኝ። ያን መሳም እስከ ዛሬ ተሸክሜዋለሁ። ወዲያው መቀርቀሪያውን ነቅሎ ወደ ምድጃው ጨመረው። ግድግዳው ግን ቀረ። እናቴ መራመድ እንደ ገና የተማረችው እርሱን ተደግፋ ነበርና፥ መዳፏ የሄደበት መንገድ በጭቃው ላይ ጠቁሮና ለስልሶ ለብዙ ዓመት ታየ። ባለፍሁ ቁጥር ያን መስመር አየው ነበር። «እጄን አንሥቼልሽ ነበር» ልላት ስንት ጊዜ አፌ ደርሶ ተመለሰ። ብትጠይቀኝ ኖሮ እገላገል ነበር። ሳትጠይቀኝ ዐረፈች፤ እኔም በሩ ከውጭ የተዘጋበት ሰው ሆኜ ቀረሁ።

ለዮሴፍና ለለሊሴ «ነገ» እንዳልኋቸው፥ በማግስቱ ፕላኑ እንደ ገና ተዘረጋ።

«ለለሊሴ ኩሽና በር አድርግላት» አልሁት። «የእኔን ክፍል ግን አፍርሳት።»

«ገና ሳትሠራ?»

«ገና ሳትሠራ። ከሳሎኑ በምሥራቅ በኩል አንድ ማዕዘን ስጡኝ። በርም፥ መጋረጃም አልፈልግ።»

ዮሴፍ እርሳሱን እንደ ያዘ አየኝ። «ቴሌቪዥኑስ? ልጆቹስ? ይጮኻሉ እኮ፥ አባዬ።»

«ይጩኹ።»

«የሽንኩርቱ ሽታስ፥ አባ?» አለች ለሊሴ።

«አሁን በር አገኘሽ አይደለም እንዴ?»

ሁለቱም ሳቁ። ዮሴፍ ወፍራሙን መስመር በላጲስ አጠፋው፤ ፍርፋሪውን በመዳፉ ጠረገ። ምክንያቱን አልነገርኋቸውም። የማርጀት ነገር ነው ብለው ያልፉታል። እንደ እኔ በአንድ ክፍል ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ፤ ያኔ ግድግዳ የምናጣው በድህነት ነበር፤ ዛሬ ልጆቻችን ግድግዳ የሚያወፍሩልን በፍቅር ነው። ግን አባቴም ያንን ግድግዳ ያቆመው በጥላቻ አልነበረም። እንዳውቅለት፥ ሰው እንድሆንለት ብሎ ነበር።

ትናንት ማለዳ ዝናብ ነበር። በአሮጌው ቤት፥ በክፍሌ ውስጥ፥ በሩ ገርበብ እንዳለ ጸሎቴን ይዤ ነበር። ለሊሴ ሥርዓቴን ዘንግታ ከኩሽና «አባ» ብላ ጠራችኝ። እጄ ሳላስባት ተነሣች። ደም ሥሯ የወጣ፥ የተጨማደደች፥ የአባቴን እጅ የምትመስል እጅ ናት። በግድግዳው ፊት ቆማ አየኋት። ቀስ ብዬ አወረድኋት።

«አቤት» አልሁ።

በኩሽና አንድ ነገር ወደቀ። ለሊሴ እጇ ዱቄት እንደ ሆነ እየሮጠች መጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ ፊቷ ደንግጧል። በጸሎት ሰዓት ስመልስ ሰምታኝ አታውቅም።

«አባ፥ ምነው? አመምዎት?»

«ጠራሽኝ እኮ» አልኋት።