ከኋላ የምትከፈተው መኪና

ባለቤቴ ወባ ሲጠናበት ወልድያ ሐኪም ቤት ልንወስደው መኪናዋ ውስጥ አስተኛነው። ያን ጊዜ እጄን ይዞ አንድ አደራ ሰጠኝ። "እኔ ባልመለስ ለሚወዳት ሰው ስጫት፤ ለብረት ቆራጭ ግን እንዳትሰጫት" አለኝ። እሺ አልኩት።

ትንሽ ሰማያዊ የፈረንሳይ ሥሪት ነበረች። እሱ መንገድ ሥራ ካምፕ መካኒክ ሳለ ከአንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ገዛት። ደርግ ሲመጣ ፈረንጆቹ ወዳገራቸው ተመለሱ፤ እሷ እኛ ጋ ቀረች። ከዋጃ እስከ ጎብዬ እሷን የምትመስል አልነበረችም። የኋላ በሯ ከነመስታወቱ ወደ ላይ ይነሣል። መጀመሪያ ይዟት የመጣ ቀን ሰፈሩ ግቢያችንን ሞላው። ክርስቲያኗ ጎረቤቴ፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት፣ በሩ ሲነሣ አይታ፣ "በማርያም! ይቺ ደግሞ ከኋላዋ ታዛጋለች!" አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ "አዛጊዋ" ሆነ።

ባለቤቴ ስቆ አለፈው። በዚያ በር ማሽላ ገባ፣ ፍየል ገባ፣ ምጥ የጠናባት ሴት ገባች። የኋላ ወንበሩ ሲታጠፍ ቃሬዛው እንዳለ ይገባል፤ ጫፉ ትንሽ ወደ ውጭ ቢወጣም በሩን በገመድ አስረው ይሄዳሉ። ያለችኝ አንዲት ልጅ ሕፃን ሳለች ጠርዙ ላይ ተቀምጣ እግሯን እያወዛወዘች ትውል ነበር። አሁን ተድራ ወልድያ ናት።

እሱንም በዚያው በር አስገባነው። ሰሌን አነጠፍንለት፤ የካምፕ ጓደኛው ነዳ። በዚያው በር ሬሳውን መለሱልኝ። ከአስር ሶላት በፊት ተቀበረ። አልሃምዱሊላህ፣ በወገኑ መሐል ነው የተቀበረው። በዚያ ዘመን የት እንደወደቀ ያልታወቀ ስንት የሰው ልጅ ነበር። በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ አልከፈትሁትም።

መኪናዋ ከግቢው ቁርቁራ ዛፍ አጠገብ ቆመች። ቤንዚን በኩፖን ሆነ፤ ቢገኝም የሚነዳት አልነበረም። ወታደር የጫኑ ካሚዮኖች ወደ ሰሜን ሲያልፉ መሬቱ ይንቀጠቀጥና መስታወቶቿ ይንጫጫሉ። ካለፉ በኋላ ግቢው ጭር ይላል። ልጄም ከተዳረች በኋላ፣ ከሰዓት ሰግጄ ስጨርስ ጥላዋ ሥር እቀመጥ ነበር። እዚያ ስሆን ቤቱ ያን ያህል ባዶ አይመስለኝም።

እንዳትበላሽም እጠብቃት ነበር። የቆላ ፀሐይ ያልተቀባ ነገር አይምርም። የወተት ዕቃው፣ ጠፍሩ፣ የራሳችንም ፀጉር ቅቤ ካልነካው ይደርቃል። በኋላ በሯ ዙሪያ ያለው ጎማ መሰንጠቅ ሲጀምር አየሁና በየሐሙሱ ቅቤ ቀባሁት። ጠቁሮ አብረቀረቀ። ደስ አለኝ።

ፈላጊ አልጠፋም። ቀጥቃጩ ከሥሯ ያለውን የባሌስትራ ብረት ለማጭድ መሥሪያ ፈለገው፤ አንድ ነጋዴ ጎማዎቿን ለጋሪ። ሁለቱንም መለስኳቸው።

"ምን ልታደርጊያት ነው?" አለችኝ ጎረቤቴ።

"አደራ ናት።"

"አደራሽስ እንቁላል ትጥልልሻለች? ዶሮዎችሽ እንኳ ከሥሯ ይጥላሉ!"

ጎንበስ ብዬ እንቁላሉን ለቀምሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ቆቦ ድረስ መጥቶ አሮጌ መኪና የሚወድ ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብሁም። እስከዚያው ከእኔ ጋር ናት።

ሰውየው ከደሴ መጣ። ወሬዋን ከካሚዮን ሾፌር ሰምቶ ነው። የግቢውን በር አልፎ ሲገባ እኔን ሳይሆን እሷን አየ። ዙሪያዋን ሄደ፣ ጣሪያዋን ዳሰሰ፣ ከዚያ አፍሮ ዞረ።

"አሰላሙ አለይኩም እናቴ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይቺን ዓይነት ስፈልግ ኖሬአለሁ። አገራችን የገቡት ጥቂት ናቸው፤ እነሱንም ቆራርጠው ጨረሷቸው።"

"አንተስ ትነዳታለህ ወይስ ታርዳታለህ?"

"አላህ ይጠብቀኝ! እንደ ጥንቷ ነው የማደርጋት።"

ደነገጥሁ። አደራዬ የሚጠይቀው መልስ ይኸው ነበር፤ ይህ ሰው እውነቱን ከሆነ ግን ግቢዬ ባዶ ሊቀር ነው።

"የኋላ በሯን ልይላት?" አለ።

ቁልፉን አምጥቼ ሰጠሁት። ቁልፉ ዞረ፤ በሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ጎማው እንደ ሙጫ ተጣብቋል። ጣቱን አስነክቶ አሸተተው።

"ምን ቀብተውት ነው እናቴ?"

"ቅቤ።"

ጎረቤቴ ከአጥሩ ማዶ ሳቀች። "ሹሩባም አለመሥራትሽ!"

ሰውየው አልሳቀም። "ቅቤ ቆዳ ነው የሚያለሰልስ። ጎማን ያሟሟዋል" አለ ቀስ ብሎ።

"በመጥረቢያ ይበለውና ይገላገል!" አለች ጎረቤቴ።

አፍ አፉን አየሁት። መጥረቢያ አምጪ ቢለኝ፣ አትወዳትም ብዬ መለስሁት ማለት ነው። መኪናዬም አደራዬም አብረውኝ ይቀራሉ።

"ለብ ያለ ውሃ፣ ሳሙና፣ ጠንካራ ክርም ይኖርዎታል?" አለኝ።

ሰጠሁት። ክሩን በጎማውና በብረቱ መሐል አስገብቶ ወዲህ ወዲያ ይስበው ጀመር። ክሩ ሲበጠስ ሌላ ይቀጥላል። ጥላው ሸሸ፤ እሱ ፀሐይ ላይ ቀረ። ወተት ሰጠሁት፣ ቆሞ ጠጣና ተመለሰ። ጎረቤቴም መሳቋን ተወች። አስር ደርሶ ሰግጄ ስጨርስ ያን የማውቀውን ድምፅ ሰማሁ። በሩ ቀስ ብሎ ተነሣ።

ሰሌኑ እንዳነጠፍነው ነበር። ባለቤቴ ራሱን ያሳረፈበት ቦታ ጎድጎድ እንዳለ ነው።

ሰውየው አየውና ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። የማን ነው ብሎ አልጠየቀኝም። በሩ እንዳይወርድብኝ በሁለት እጁ ደግፎ ያዘልኝና፣ "ያውጡት እናቴ፣ አይቸኩሉ" አለኝ። አወጣሁት።

"ውሰዳት" አልኩት።

በማግሥቱ ሰውየው በካሚዮን ጎትቶ ወሰዳት። የበሩ ጎማ ስለወጣ የኋላ በሯን በገመድ አስሮት ነበር። ጎረቤቴ እስከ መንገዱ ሸኝታት ተመለሰች። "ሳታዛጋ ሄደች" አለችና ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ጌታዬን አመሰገንሁ፤ አደራዬን ተቀበለልኝ። መኪናዋ በነበረችበት ሣር አልነበረም፤ ዶሮዎቹ እንቁላላቸውን ሊጥሉ መጥተው ዞር ዞር አሉ። ሰሌኑን ዘረጋሁና ሰገድሁበት።

አሁንም ከሰዓት እዚያው እቀመጣለሁ። የእሷ ጥላ ስለሌለ ሰሌኑን ወደ ቁርቁራው ግንድ አስጠጋዋለሁ።